የሐሙስ ዳዊት

እናቴ የደወለችልኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጠራ ሰው የሚጠብቀው መርዶ ነውና እጄ እየተንቀጠቀጠ አነሣሁት። እርሷ ግን ሰላምታም ሳታስቀድም «ሃይማኖቱን ሊለውጥ ነው ብለው ነገሩኝ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። «አይደለም እማዬ፤ ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?» ብላት የነገራትን ሰው ዘለለችውና «ትጾማለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እጾማለሁ።» «ማተብህስ?» «አንገቴ ላይ ነው።» «ተመስገን። በቃ፣ ተመልሰህ ተኛ» አለችና ዘጋችው።

አልተኛሁም። ከጥያቄዎቿ መካከል «ትጸልያለህ?» የሚል እንዳልነበረ ያስተዋልኩት በኋላ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ነው። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምመልስላት አላውቅም ነበር። እናቴን በዚህ አልወቅሳትም፤ እርሷ ባደገችበት አገር ሃይማኖት በዐይን የሚታይ ነገር ነው፤ በማተቡ፣ በጾሙ፣ በአለባበሱና ደጅ በመሳለሙ ይታወቃል። የሚታየው በቦታው ካለ የማይታየውም በቦታው እንዳለ ትወስዳለች። እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል እንደዚያው ስወስድ ኖሬያለሁ።

ወሬው የተነሣው ከራሴ አፍ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩ ራሱ ምን እንደ ነበረ ልናገር።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ገደማ አንድ ማለዳ እንደ ልማዴ ውዳሴ ማርያም ደግሜ መጽሐፉን ስዘጋ፣ የትኛውን ቀን እንደ ደገምኩ ጠፋኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ከፍቼ ባየው የደገምኩት የማክሰኞውን ኖሯል። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ስሕተት ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ መሳሳቴ ሳይሆን አለመደንገጤ ነው። የረቡዕን ልድገም አላልኩም፤ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መልሼ ቁርስ በላሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ጸሎቱ ከእጄ እንደ አሸዋ ሳይሆን እንደ ጨው ነው ያለቀው፤ በየቀኑ ጥቂት እየተነሣለት፣ ማንም ሳያየው ዕቃው ባዶ ሆነ። ለጸሎት እቆማለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ይወጣል፤ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። እግዚአብሔር የለም ብዬ አላውቅም፤ እንዲህ ያለውን ድፍረት እንኳ አላገኘሁም። ብቻ ከእርሱ ጋር የምንነጋገርበት ቤት ውስጥ ለብቻዬ የቀረሁ መሰለኝ።

ምክንያት ባገኝለት ኖሮ ይቀልለኝ ነበር። ሰው ሞቶበት ወይም ትዳሩ ፈርሶበት ከእግዚአብሔር ጋር የተኳረፈ ሰው ቢያንስ ለጠያቂው የሚያወራው ታሪክ አለው፤ እኛም ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሆን ማጽናኛ እናውቃለን። እኔ ግን ማንም አልሞተብኝም፤ ሥራዬም ትዳሬም ደኅና ነበሩ። ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ምንም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም፤ «ምንም» የተባለውን ሕመም ደግሞ ማን ያስታምማል?

እስኪጠይቀኝ ድረስ ማንም አልደረሰም እንጂ። «እንዴት ነህ?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ጨዋታው እዚያው ላይ ያልቃል። በዚህ ቃል ላይ ብዙ አሰላስያለሁ። ሴት አያቴ ወገቧን ይዛ፣ እንቅልፍ ባጣች ሌሊት ማግስት «ተመስገን» ስትል ምስጋናው ሕመሟን አይሸፍነውም ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታዩ ነበር፤ «ወገቤ አላስተኛኝም፤ ተመስገን» ነበር የምትለው። እኔና እኩዮቼ የመጀመሪያውን ግማሽ ጥለን ሁለተኛውን ብቻ ወረስን። አፋችን ላይ ምስጋና መሆኑ ቀርቶ የድስት ክዳን ሆኗል።

በዚያ ወቅት ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። እንዲያውም ከዚያ በፊት ባልነበረ ትጋት እመላለስ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ቅዱስ ሲኖዶስ በጾመ ነነዌ ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ ባወጀ ጊዜ ጥቁር ካገኘሁበት ገዝቼ ለብሼ፣ ሦስቱንም ቀን ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አልቅሻለሁ። ልቅሶው የውሸት አልነበረም። ስለ ቤተ ክርስቲያኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እግዚኦ ያልኩ ሰው፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስሆን ግን አንድ አቡነ ዘበሰማያት ልቤ ውስጥ ሆኜ መጨረስ አቃተኝ። ያን ጊዜ የገባኝን ነገር መጻፍ ይከብደኛል፤ ከሕዝብ ጋር ሲሆን የሚነድደው ነገር የብቻዬን ብርድ ደብቆልኝ ነበር። «ቤተ ክርስቲያናችን ተነካች» ለሚለው ነገር ሙሉ ሰው ነበርኩ። «ጌታ ሆይ» ለሚለው ግን ማንም አልነበርኩም።

በቅዳሴ ሰዓትም እንዲሁ ነበር። ካህኑ እጁን ታጥቦ ውኃውን ወደ ሕዝቡ የሚያራግፍበት፣ ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ያልሆነ አይቅረብ ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ሰዓት አለ። ከፊት ለቆመ ሰው ጠብታው ፊቱ ላይ ይደርሳል። ከዚያ መጋረጃው ተገልጦ ጥላው ሲዘረጋ የሚሰለፉት ልጆቻቸውን ያቀፉ እናቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፤ የእኔ ዕድሜ ሰው ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ሁላችንም ስለምናፈገፍግ አንዳችን ሌላውን «አንተ ለምን አትቀርብም?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። እርሱም መልሶ «አንተስ?» ሊል ነዋ። ከሩቅ ለሚያየን ትሕትና ይመስላል። ለአንዳንዱ በእርግጥም ትሕትና ነው። ለእኔ ግን ማንም የማይጠይቅበት፣ ተመችቶኝ የተደበቅኩበት ጥግ ነበር።

ለመናገር የሞከርኩት መጀመሪያ በዚያው ዓመት በስቅለት ዕለት ነው። ቀኑን ሙሉ ተሰግዶ ወደ ማታ ላይ ለጥብጠባ ተሰለፍን። የወይራ ቅጠል የያዙት አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ካህን ነበሩ፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ እስከ ዐውደ ምሕረቱ ይደርሳል፤ ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰም። ጎንበስ አልኩ። «ምን ሠራህ ልጄ?» አሉኝ። እንደ ሁልጊዜው ሐሜትና ቁጣ ብዬ ጀመርኩና ሳላስበው «ጸሎት አቃተኝ አባቴ» አልኩ። ወይራው አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሰሙኝ መስሎኝ ልቤ ደረቴን መታው። «ሥራ ይበዛባችኋል፤ ምን ታደርጉ። አርባ አንድ ስገድ» አሉና ትከሻዬን ጠብጠብ አድርገው ቀጣዩን ጠሩ። አርባ አንዱን ሰገድኩ። ካህኑን አልከስሳቸውም፤ ያ ሰልፍ የሰው ልብ የሚዘረገፍበት ቦታ አልነበረም።

ወደ ማኅበሩ ልምጣ። የጽዋ ማኅበራችን የጊዮርጊስ ነው፤ ሚያዝያ 23 በዓሉም ስለሆነ፣ የሠራተኞች ቀን ሆኖ ሥራም ዝግ ስለ ነበር ያን ዕለት ማንም አልቀረም። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ዳቦው ሳይቆረስ በፊት አጭር ትምህርት የመስጠት ተራው የእኔ ነበር። ዳግም ትንሣኤ ካለፈ ገና አንድ ሳምንት ሆኖት ስለ ነበር ስለ ቶማስ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ወረቀቱም ኪሴ ውስጥ ነበር። ስለ ቶማስ ያዘጋጀሁት የተለመደውን ነው፤ ተጠራጠረ፣ ዳሰሰ፣ አመነ። ስነሣ ግን ወንጌሉ ላይ ያለች አንዲት ቃል ያዘችኝ። ቶማስ «አላምንም» ካለ በኋላ ስምንት ቀን አልፏል፤ ደቀ መዛሙርቱ እንደገና በውስጥ ተሰብስበው ሳለ ዮሐንስ «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ» ይላል። ስምንት ቀን ሙሉ አላምንም ያለ ሰው አብሯቸው በልቷል፣ አብሯቸው አድሯል፤ ያስወጣውም የለም፤ እርሱም አልወጣም። ይህን ተናገርኩና ወረቀቱን ሳላወጣ፣ «እኔ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መጸለይ አልቻልኩም። ይህን ሳልናገር ላስተምራችሁ አፈርኩ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ ጋሼ የምንላቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ወንድማችን እንግዲህ በትሕትና ነው የተናገረው፤ ትሕትናውን ያብዛልን» አሉ፤ «አሜን» ተባለ፤ ዳቦው ተቆረሰ።

ስለዚያች ቅጽበት ብዙ አስቤያለሁ። ጋሼ ክፉ አላሰቡም፤ ከኀፍረት ሊያድኑኝ ነው የፈለጉት። ግን እኛ ዘንድ ሰባኪው ሁሉ «እኔ ኃጢአተኛው ወንድማችሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ሁሉ «ደካማው» ብሎ ይፈርማል፤ በጸሎታችን ራሳችንን ኃጥእ ብለን ያልጠራንበት ገጽ አይገኝም። ቃላቱ እውነተኞች ናቸው፤ የጻፏቸው አባቶች በእንባ ነው የጻፏቸው። ከመብዛታቸውና ከመለመዳቸው የተነሣ ግን ሰው በእርግጥ ደክሞ «ደከምኩ» ቢል የሚሰማው አጥቷል። ዝም ብል ኖሮ ማንም አያውቅልኝም ነበር። ተናገርኩ፤ ይባስ ብሎ ትሑት ተባልኩ። በመናገሬ ከፊቴ ላይ አንድ ጭምብል አወለቅሁ ስል ሌላ ያማረ ጭምብል ተደረገልኝ።

ሁሉም ግን እንደ ጋሼ አልሰሙትም። እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት ስንወጣ እጄን ይዘው «ይኼ የሰው እጅ ነው፤ ሰባት ቀን ጸበል ግባ» አሉኝ። አንዱ ወንድም በዚያው ምሽት በቴሌግራም የአንድ ሰዓት ተኩል ስብከት ላከልኝ፤ ርእሱ ስለ ስንፍና ነበር። ከመካከላቸው ደግሞ አንድ ሰው «መጸለይ አቃተኝ» የሚለውን ሰምቶ «ወደ ሌላ ሊሄድ ነው» ብሎ ተረጎመው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ነገሩ ክፍለ አገር እናቴ ዘንድ ደረሰ። እኛ አገር ሰው ስለ እምነቱ ጥያቄ ካነሣ የመጀመሪያው ግምት ጴንጤ ሊሆን ነው የሚለው ነው። ይህ ግምት እኔን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቻችንንም ይሰድባል፤ የእነርሱ ቤት የእኛ ጥያቄዎች መጣያ ነው እንደ ማለት ነውና። አብሮኝ የሚሠራ ወንጌላዊ አማኝ ይህን ሁሉ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «እኛ ጋ ብትመጣ የምትገላገል መስሎሃል?» አለኝ። እነርሱ ዘንድ ሰው መድረክ ወጥቶ ስለ ደረሰበት ነገር መመስከሩ የተወደደ ነው፤ ብቻ ነገሩ ያለፈ መሆን አለበት። «እጠጣ ነበር፣ ጌታ ፈታኝ ማለት ይቻላል። ዛሬም እጠጣለሁ ብሎ ማይኩን የያዘ ሰው እስካሁን አላየሁም» አለኝ።

ለማኅበሩ የተናገርኩበትን መንገድ ግን ዛሬ አልደግመውም። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ በጉባኤ ፊት የሚፈጸምበት ዘመን ነበር፤ በኋላ ወደ ካህኑ ጆሮ መግባቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሰው ሁሉ የሰማውን መያዝ አይችልም፤ እኔም ዳቦና ጠላ ፊት የተቀመጠ ሃያ ሰው ሕመሜን እንዲያስታምምልኝ መጠበቄ የዋህነት ነበር። ምናልባትም ከየዋህነት የከፋ ነገር ነበረበት፤ እውነተኛ ሰው መባል አምሮኝ እንደ ነበር አሁን ሳስበው አልክድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታውን ለመንገደኛው ሁሉ የሚነግርም መድኃኒቱን ሲያገኝ አላየሁም።

መሄድ የነበረብኝ ወደ ንስሐ አባቴ ነበር። ያልሄድኩት የእናቴም፣ የሚስቴም የንስሐ አባት ስለሆኑ ነው። ምሥጢር ያወጣሉ ብዬ አይደለም፤ ካህን የንስሐ ምሥጢር እንደማያወጣ አውቃለሁ። ግን በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቤታችን መጥተው ጸበል ረጭተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ልጆቹን ባርከው የሚሄዱ ሰው ከዚያ ወዲያ ፊቴን ሲያዩ ምን ያስባሉ የሚለው ያስረኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሁሉ ዓመት ተቀምጠን ስለ ነፍሴ አውርተን አናውቅም። እርሳቸው «እንዴት ነው፣ ጾሙ እንዴት ይዟችኋል?» ይላሉ፤ እኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ ሁለተኛው ስኒ ይቀዳል።

ከእናቴ ስልክ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሄድኩ። ከቤተ ልሔሙ፣ የቅዳሴው ኅብስት ከሚዘጋጅበት ቤት ጀርባ፣ ከጽዱ ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። የማክሰኞውን ውዳሴ ማርያም ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ መስቀላቸውን በጣታቸው መካከል ያዞሩ ነበር፤ ስጨርስ ማዞሩን አቆሙ። ተግሣጽ ጠበቅኩ፤ ቀኖናም ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ ጾም ገደፍኩ ይለኛል። ከሰው ተጣላሁ ይለኛል፤ በሴት ወደቅኩ ይለኛል። ለዚያ የማዝዘውን አውቃለሁ። ይህን ግን ያመጣልኝ ሰው ስለሌለ ምን እንደምልህ አላውቅም። ላስብበትና እደውልልሃለሁ።»

«አላውቅም» የሚል ካህን ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳላውቀው ፈገግ ብዬ ኖሮ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዘወር ብላ አየችኝ።

በአራተኛው ቀን ደወሉ። የምደግመውን ሁሉ እንድተው ነገሩኝ፤ ውዳሴ ማርያሙንም፣ ዳዊቱንም። «አንድ አቡነ ዘበሰማያት በቁምህ፣ ጠዋት። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ዳዊቱን በአማርኛ፣ እንደ ደብዳቤ ቀስ ብለህ አንብበው። ሁሉንም እንዳትሞክር፤ ከ87 ጀምር።»

ዳዊት የሚደግም ሰው እንደሚያውቀው የሐሙሱ ንባብ ከ81 እስከ 110 ነው። እኔ ይህን ክፍል ከሰንበት ትምህርት ቤት ዘመኔ ጀምሮ በግእዝ፣ ከግማሹ በላይ ሳይገባኝ፣ እንደ ወንዝ ውኃ ሳፈስሰው ኖሬያለሁ። ሰማንያ ሰባተኛውን መዝሙር በአማርኛ ሳነብ (ሌሎች መጻሕፍት 88 ብለው ይቆጥሩታል) መጨረሻው ላይ ደርሼ ገጹን ገለበጥኩ፤ የቀረ መስሎኝ። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙሮች በልቅሶ ጀምረው የሆነ ቦታ ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይህኛው አይዞርም። ቀንና ሌሊት ወደ አንተ ጮኽኩ ይላል፤ ለምን ፊትህን ትመልስብኛለህ ይላል፤ ወዳጄንና ባልንጀራዬን ከእኔ አራቅህ ብሎ እዚያው ያበቃል። «ነገር ግን» የለውም። የምስጋና ስንኝ ሊጨምርበት የደፈረ ገልባጭ አልተገኘም። እንዲህ ያለውን ነገር በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አስገብታ፣ ቀን ቆርጣ፣ በየሳምንቱ በሉት ያለችን ቤተ ክርስቲያን ናት። እኔ ለሁለት ዓመት ማንም የማይናገረው መስሎኝ የደበቅኩትን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ በየሐሙሱ በጮኸ ድምፅ ስለው ነበር።

ከዚያው ሳይርቅ፣ በ90ኛው ላይ፣ «የቀትር ጋኔን» የሚለው አለ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዎስ ይህችን ቃል ይዞ በመነኮሳት ላይ የሚደርሰውን መሰልቸት ገልጾበታል፤ ፀሐይ ከሰማይ መካከል አልንቀሳቀስ ያለች ይመስለዋል፣ በመስኮት አሁንም አሁንም ያያል፣ በዓቱን ይጠላል፣ ከወንድሞች መካከል የሚያጽናናኝ የለም ይላል። ያን ሳነብ የተሰማኝን ደስታ ምን ልበለው? ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት በረሃ ላይ የነበረ ሰው ሕመሜን ስም ሰጥቶት ነበር። ስሙን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩን፤ እኛ ግን ስሙን ረስተን «ስንፍና» ብለን የአንድ ሰዓት ተኩል ስብከት እንልክበታለን።

ያዳነኝ ነገር ተገኘ ብዬ እንዳልጽፍ፣ አልዳንኩም። ጥቂት ጠዋቶች ላይ አቡነ ዘበሰማያቱን ስል «አባታችን» የሚለው ቃል ክብደት እንዳለው ይሰማኛል፤ በአብዛኞቹ አይሰማኝም። እስካሁን ቅዳሴ ላይ ወደ ኋላ አፈገፍጋለሁ፤ ግን ለምን እንደማፈገፍግ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም መቅደስ ውስጥ ነው። እናቴም ለፋሲካ ልጠይቃት ስሄድ ማተቤን በጣቷ ዳብሳ ካረጋገጠች በኋላ ወሬውን ደግማ አላነሣችውም። ማኅበሩ ላይ ትሑት እንደ ሆንኩ ቀርቻለሁ፤ ምን ላድርግ።

ንስሐ አባቴ ሐሙስ ማታ ማታ ይደውላሉ። ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ባለፈው ሐሙስ ከቅኝት ወጥቶ የሚጮኽ የማኅሌት ድምፅ ከበስተጀርባቸው ይሰማ ነበር፤ እየተጣደፉ ነበር።

«ዛሬስ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«እግዚ» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። «ዛሬም ደረቅ ነው አባቴ።»

«እሺ። በሚቀጥለው ሐሙስ እደውላለሁ» አሉና ዘጉት።